ዳለቻው ወፍ

ኬፕታውን፣ ፌብሩዋሪ 9 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ ለጎትሊብ፣ ኦማሩሩ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎ ጠናልዎት? ወንዙስ ዘንድሮ መጣ ወይስ አሸዋው ላይ አሁንም ልጆች ኳስ ይጫወቱበታል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እርስዎ የእናቴ የአክስት ልጅ ነዎት፤ እሷ ካረፈች ወዲህ ግን በእናት ወገን የቀሩኝ ታላቅ ሰው እርስዎ ብቻ ነዎት። ዕድሜዎን ያርዝምልኝ፣ በርዎን እንግዳ አያሳጣው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎት ፋኑኤል ነው፤ ያ የጭነት መኪና ሹፌሩ ዘመዳችን። ከደብዳቤው ጋር ሁለት የፍቅር ወፎች፣ እነዚያን ትንንሽ በቀቀኖች፣ ይረከቡታል። እንደሚስቁ አውቃለሁ። በመንጋ እየመጣ የከብትዎን ገንዳ የሚያጨናንቀውን ወፍ ከኬፕታውን ድረስ በመኪና መላክ ምን የሚሉት ጅልነት ነው ይሉ ይሆናል። እነዚህ ግን ሌላ ናቸው። ሴቷ እንደዚያዎቹ አረንጓዴ፣ ፊቷ ቀላ ያለ ነው፤ አባቷ ግን ዳለቻ ነበር። ወንዱ ራሱ ዳለቻ ነው፤ ከአናቱ እስከ ጭራው አመድ የመሰለ፣ ፊቱ ብቻ ነጣ ያለ። ከሁለቱ ከሚፈለፈሉት ግማሽ ያህሉ ዳለቻ ይወጣሉ፤ ዊንድሁክ ያሉት ወፍ አርቢዎች ደግሞ ዳለቻ ሲያዩ እንደ ጉድ ነው የሚሻሙት።

የሰጡኝ የማስታምማቸው ወይዘሮ ኮርኔሊያ ናቸው። ዕድሜ ልካቸውን ወፍ ሲያረቡ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ስለ ወፍ የማውቀውን ሁሉ ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። አሁን ከአልጋ አይነሱም። እሳቸው ዓይናቸውን የከደኑ ቀን ልጆቻቸው ቤቱን ይሸጡታል፣ እኔም ሻንጣዬን ይዤ መንገድ ላይ ነኝ። ያኔ ባዶ እጄን ተመልሼ የሰው ፊት ከማይ፣ ወፎቼ ተባዝተው ይጠብቁኝ። በጓሮዎ ያለችውን ክፍል ለኔ እንደያዙልኝ በእናቴ ቀብር ላይ ነግረውኝ ነበር፤ ቃልዎን አልረሳሁትም። እንግዲህ ተስፋዬን በሽቦ ቤት አድርጌ ነው የላክሁልዎት።

ሥራው እንዲህ ነው። መጀመሪያ አንድ ላይ እንዳይከቷቸው። ሴቷ ቁጡ ናት፤ የማታውቀውን ወንድ እግሩን ነክሳ ሽባ ታደርገዋለች። ጎን ለጎን በየቤታቸው ያኑሯቸውና ሽቦውን ተደግፈው ተጠጋግተው መተኛት ሲጀምሩ ያኔ ያጋቧቸው። ማሽላና ዳጉሳ ብቻውን አይበቃም፤ ቅጠል፣ ካሮት፣ የተቀቀለ እንቁላል ከነቅርፊቱ ተደቁሶ ይሰጣቸው። ከባሕር ዳር የሚለቀመውን ነጭ የባሕር አጥንት በወረቀት ጠቅልዬ ልኬያለሁ፤ ሽቦው ላይ ይሰኩላት። እሱን እየፋቀች ካልበላች እንቁላሉ ሆዷ ውስጥ ይቀርና ይገድላታል። የሚታጠቡበት ውሃ በጠፍጣፋ ሳህን አይጥፋ። ጭስ ደግሞ ጠላታቸው ነው፤ ለአያት ቅድመ አያቶችዎ ብለው በግቢዎ ሳይጠፋ ከሚያነዱት ከአባቶችዎ እሳት ራቅ አድርገው ያስቀምጧቸው።

ሲጽፉልኝ ስለ ዳለቻው በተለይ ይጻፉልኝ። አደራ።

የእህትዎ ልጅ
ኤልፍሪደ


ኦማሩሩ፣ ማርች 16 ቀን 1997

ለእህቴ ልጅ ለኤልፍሪደ፣

ሰላምታዬ ድንበሩን ያለ ወረቀት አልፎ፣ አሸዋውን አቋርጦ ይድረስሽ። ለእናትሽ አፈሩን ያቅልልላት። እኔ ጉልበቴ እንደ አሮጌ በር ይንቋቋል እንጂ ደህና ነኝ። ወንዙ አንድ ቀን መጣ፤ የሰው ፍየል ወሰደና ተመልሶ ደረቀ።

ወፎቹ ደርሰዋል። ፋኑኤል በመንገድ ሙሉ ጆሮዬን በሉት ብሎ ካሳውን በሥጋ ጠየቀኝ፤ አበላሁት። አረንጓዴዋን ብታያት ጉድ ትያለሽ። እመት ቁጣ ብዬ ስም አውጥቼላታለሁ። ጣቴን ነክሳ አደማችኝ፣ ኮፍያ ያደረገ ሰው ስታይ ደግሞ ሽቦውን ልትበጥስ ትደርሳለች። የግራር ልጣጭ ስሰጣት በመቀስ እንደተቆረጠ በቀጭን በቀጭኑ ትቆርጥና ወገቧ ላይ ባሉት ላባዎች መካከል ትሰካዋለች። ግማሹ ይወድቅባታል። አትናደድም፣ ተመልሳ ሌላ ትቆርጣለች። ጎረቤቴ ሊስቤት፣ ያቺ ልብስ ሰፊዋ የዳማራ ሴት፣ እኔ መርፌዬን ደረቴ ላይ እንደምሰካው ናት ብላ ስትስቅ ዋለች።

እንዳልሽው ጎን ለጎን አቆይቼ ነው ያጋባኋቸው። አሁን ሁለቱ በአንድ ቤት ናቸው። ተጣብቀው ይውላሉ፣ አንዱ የሌላውን አንገት ያክካል። እንዲህ ያለ ፍቅር በኔ ትዳር አላየሁም፤ ሟቿ ይቅር ትበለኝ።

ጠንካራ ሽቦ ካገኘሽ ላኪልኝ፤ የሰፈሩ ድመት ዙሪያውን መዞር ጀምሯል። እህሉም እያለቀ ነው።

ስትመጪ... ማለቴ ደብዳቤሽ ሲመጣ ደስ ይለኛል። ከቀብሩ ወዲህ ይህ የመጀመሪያሽ ነው። ጌታ ከክፉ ይሰውርሽ።

አጎትሽ
ጎትሊብ


ኬፕታውን፣ ኤፕሪል 20 ቀን 1997

ለተከበሩ አጎቴ ለጎትሊብ፣

ሰላምዎ ይብዛ፤ ጉልበትዎን ዘይት ይቀባልኝ። ደብዳቤዎን ለወይዘሮ ኮርኔሊያ በቋንቋቸው እየመለስኩ አነበብኩላቸው፤ ስለ ትዳርዎ የጻፉት ጋ ስደርስ አልጋቸው ላይ ሆነው እስኪያስላቸው ሳቁ። ሽቦውንና እህሉን ለፋኑኤል ሰጥቼዋለሁ።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ገጹን ሙሉ ስለ አረንጓዴዋ ጽፈው ስለ ዳለቻው አንዲት ቃል የለም። ወይዘሮ ኮርኔሊያ "ወንዱስ?" ብለው ጠየቁኝ። ይበላል? ያፏጫል? ሴቷን ያበላታል? ወንዱ ከጉሮሮው እያወጣ አፍ ለአፍ ካላጎረሳት ገና አልተጋቡም ማለት ነው። እስቲ አንድ ቀን ቁጭ ብለው ይዩልኝና ይጻፉልኝ።

የመፈልፈያውን ሳጥን ከእንጨት ይሥሩት፣ ከፍ አድርገው ይስቀሉት፤ ቀዳዳው እሷ የምታልፍበት ያህል ብቻ ይሁን። አገሩ ደረቅ ነው፤ ልጣጩን ውሃ ነክረው ይስጧት። ሳጥኑ ከደረቀ ጫጩቱ ቅርፊቱ ውስጥ ተጣብቆ ይሞታል። እንቁላል ከጣለች በኋላ የማንም እጅ ሳጥኑ ውስጥ አይግባ። የተረበሸች እናት ጥላው ትሄዳለች፣ አንዳንዷም የገዛ እንቁላሏን ትሰብራለች። በዓመት ከሁለት ጊዜ በላይ አያስፈልፍሏት፤ አጥንቷ ያልቃል።

አያድርገውና እናት ያጡ ጫጩቶች ቢገጥሙዎት፣ ቅጥን ያለ የበቆሎ ዱቄት ገንፎ ከእንቁላል አስኳል ጋር ይመታና ለብ እንዳለ ጠርዙ በታጠፈ የሻይ ማንኪያ ይሰጣቸዋል። ሙቀት ካጡ ግን ምግቡ አያድናቸውም፤ ሆዳቸው ውስጥ ረግቶ ይገድላቸዋል። ይህን የምጽፈው እንዲያው እንዲያውቁት ነው።

የእህትዎ ልጅ
ኤልፍሪደ


ኦማሩሩ፣ ጁን 29 ቀን 1997

ለእህቴ ልጅ ለኤልፍሪደ፣

ሰላምታዬ ከብርዱ ቀድሞ ይድረስሽ። በመዘግየቴ አትቆጪ። ከብቶቹን ለማየት ወደ ገጠር ወጥቼ ነበር፤ ከዚያ ደግሞ ሳል ያዘኝ፤ ከዚያ እስክሪብቶ ጠፋ። ሰው ሲያረጅ ሰበብ አያጣም።

ደስ የሚል ወሬ ልንገርሽ። እመት ቁጣ እንቁላል ጣለች። ሳጥኑን ከጎኑ ትንሽ ቀዳዳ አበጅቼለታለሁ፤ እጄን ሳልከት በእሱ አሾልቄ አየሁ። ስምንት ናቸው። ስምንት! እኔ የማውቀው ላም ነው፣ ላም አንድ ወልዳ እንኳ ስንት ትጨነቃለች። ይህች ሚጢጢ ወፍ ስምንት ታቅፋ ማንንም አታስጠጋም። ልጣጩን እየነከርኩ እሰጣታለሁ፣ የባሕር አጥንቱን ግማሹን ጨርሳዋለች። በእኔ በኩል ሁሉም ደህና ነው።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ እንዲያው ለማወቅ ያህል ነው። አንድ ወፍ ብቻውን ቢኖር፣ ምግብም ውሃም ሳይጎድልበት፣ ጓደኛ ብቻ ባይኖረው ይታመማል? የደረቱን ላባ ቢነጭስ ምን ይደረጋል? ደግሞ ፋኑኤል ሲመጣ ትንሽ መስተዋት ላኪልኝ። ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ።

እናትሽ በሕልሜ መጥታ ነበር። ስላንቺ ጠየቀችኝ፣ ትመጣለች አልኳት።

አጎትሽ
ጎትሊብ


ኬፕታውን፣ ጁላይ 20 ቀን 1997

ለአጎቴ ለጎትሊብ፣

ጤና ይስጥልኝ።

ስምንት እንቁላል ጣለች አሉኝ። ለወይዘሮ ኮርኔሊያ ነገርኳቸው፤ ይህን ጊዜ አልሳቁም። አንዲት ሴት አራት ትጥላለች፣ አምስት ትጥላለች፣ ቢበዛ ስድስት። ስምንት የሚሆነው ሁለት ሴቶች በአንድ ሳጥን ሲጥሉ ነው። ሴትና ሴት እንደ ባልና ሚስት ተፋቅረው ይኖራሉ፣ ይተካከካሉ፣ አብረው ያቅፋሉ፤ እንቁላሉ ግን ባዶ ነው። እርስዎ ቤት ሁለት ሴቶች ካሉ እንግዲህ አንዷን እኔ አልላክሁም። የላክሁት ወንድ የት ገባ?

መስተዋት ደግሞ ለምን እንደሚፈለግ አውቃለሁ። ብቻውን ለሚኖር ወፍ ነው የሚሰቀለው፤ ጥላውን እያየ ጓደኛ ያገኘ እንዲመስለው። አትጠይቂኝ አሉኝ፤ አልጠየቅሁም፣ እየነገርኩዎት ነው።

ፋኑኤልን በሰፈሩ ሲያልፍ ዓይኑን ክፍት እንዲያደርግ ነግሬው ነበር። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባላል። ሊስቤት የሚሏት ልብስ ሰፊ መስኮት ላይ ዳለቻ ወፍ በሽቦ ቤት ተሰቅሎ አይቷል። ፋኑኤል ከተማውን በአሉባልታ የሚያምስ ሰው መሆኑን አልክድም፤ ዓይኑ ግን ደህና ነው። ዳለቻ የፍቅር ወፍ ኦማሩሩ ውስጥ ከየት መጣ? በምን ለወጡት? በኮት ነው? በሱሪ?

አጎቴ፣ እኔ እዚህ የሰው ሽንት ቤት እያጠብኩ ነው የምኖረው። ቅሬታ አይደለም፣ እውነቱ ነው። ያ ወፍ የመመለሻ መንገዴ ነው። የተናገርኩትን የራሴን ቃል አፍርሼ፣ ፋኑኤል ሳጥኑን ከፍቶ እንቁላሎቹን በፀሐይ እንዲያያቸው አዝዤዋለሁ። እንዳይከለክሉት።

ኤልፍሪደ


ኦማሩሩ፣ ኦገስት 24 ቀን 1997

ለኤልፍሪደ፣

ሰላም ለአንቺ ይሁን።

ፋኑኤል መጣ። እርጎ ሰጠሁት፣ ጠጣ፣ አፉን ጠረገ፣ ከዚያ ሳጥኑን ከፍቶ እጁን ከተተ። እኔ በገዛ ግቢዬ ቆሜ አየዋለሁ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ። እንቁላሎቹ ባዶ ናቸው፤ ይህን ነግሮሻል። ሁለቱም ሴቶች መሆናቸውን አሁን አምኛለሁ። ላምና ኮርማ ለመለየት ጎንበስ ማለት ይበቃል፤ ወፍ ግን ሱሪም ቀሚስም የላት፣ በምን ልወቅ? ሁለተኛይቱን ከገንዳው ዳር በወጥመድ የያዝኳት እኔ ነኝ። ወንድ መስላኝ ነው።

ዳለቻው በሕይወት አለ። አልሸጥኩትም፣ በኮትም በሱሪም አልለወጥኩትም። የምለብሰውን ኮት ሊስቤት ሳትወለድ ነው የገዛሁት። ሊስቤት ዘንድ ለምን እንዳለ ግን በደብዳቤ አልጽፍም። አንቺና እኔ በእናት ወገን አንድ ነን፤ በአባት እሳት የየራሳችን ነን። የኔን አባቶች ጉዳይ ለከተማ ልጅ ልጻፍ ስል እጄ እምቢ ይለኛል። ልጅ ሳለሽ በዓመት በዓል ከእሳቱ ፊት ስንንበረከክ ከአጥር ጀርባ ሆነሽ ስትስቂ አይቼሻለሁ።

አሁን የጀመርኩት ነገር አለ። ወሬው ከፍሬው እንዳይቀድም ዝም ብያለሁ፤ አንቺም ትንሽ ታገሺ።

ሽቦም፣ እህልም፣ መስተዋትም አልፈልግም።

ጎትሊብ


ኬፕታውን፣ ሴፕቴምበር 14 ቀን 1997

ለአጎቴ ለጎትሊብ፣

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደጋግሜ አነበብኩት፤ በየመስመሩ አንድ ነገር ደብቀዋል። ወፉ ለምን እዚያ እንዳለ አይጻፍም። የጀመሩት ነገር ምን እንደሆነ አይነገርም። ሌላ ወፍ በወጥመድ ይዘው በእኔ ወፍ ቦታ ማስገባትዎን ግን ከወራት በኋላ፣ ያውም ከተያዙ በኋላ ነገሩኝ። "አሁን ሁለቱ በአንድ ቤት ናቸው" ብለው የጻፉልኝ ደብዳቤ እጄ ላይ አለ። ያን ጊዜ ከልቤ ደስ ብሎኝ ነበር፤ የሚያናድደኝ እሱ ነው።

ወሬው ከፍሬው እንዳይቀድም አሉኝ። ፍሬው ለማን ነው? ዳለቻ ጫጩቶች ሲወጡ ሊስቤትና እርስዎ ለዊንድሁክ ነጋዴ ሰጥታችሁ፣ ለእኔ ደግሞ እንቁላሉ ባዶ ነበር ብላችሁ ልትጽፉልኝ? ይህን ማሰቤ ክፉ ካሰኘኝ ያሰኘኝ። እንዳስብ ያደረጉኝ እርስዎ ነዎት።

ወይዘሮ ኮርኔሊያ መናገር አቁመዋል። ልጆቻቸው ቤቱን በሜትር እየለኩ ነው።

ፋኑኤል በኦክቶበር፣ የቀድሞ አለቆች መቃብር ለሚጎበኝበት ለነጩ ባንዲራ በዓል ወደ ኦማሩሩ ይመጣል። ሁለቱን የኔን ወፎች፣ ዳለቻውንና የመጀመሪያዋን አረንጓዴ፣ ካሉበት ቤት ይወስዳል። እግራቸው ላይ ቀለበት አለ፤ አይሳሳትም። እዚህ ላለ አርቢ እሰጣቸዋለሁ። ሳጥን እንዳይከፍት፣ ማንም የሚለውን እንዳይሰማ፣ ወፎቹን ብቻ ይዞ እንዲመጣ በጽሑፍ ሰጥቼዋለሁ፤ ባለፈው እጁን ሳጥን ውስጥ ማስከተቴ ስህተት ነበር፣ ያንን አልደግምም።

አደራ በላ የሚለውን ቃል ለዘመዴ እጽፋለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም። ጻፍኩት። የጓሮዋንም ክፍል ለፈለጉት ሰው ያከራዩት።

ኤልፍሪደ


ኬፕታውን፣ ኦክቶበር 19 ቀን 1997

አጎቴ፣

ፋኑኤል ትናንት ገባ። ወፎቹን ሳወርድ የሴቷን ሆድ አየሁት። ላባ የለውም፤ ተመልጧል፣ ቆዳው ቀልቶ ይሞቃል። ወንዱ ደግሞ ከጉሮሮው እያወጣ ሽቦውን ያጎርሳል፣ የሚቀበለው የለም፣ እንደገና ያወጣል። ይህ ምን እንደሆነ አውቃለሁ። ልጆች ነበሯቸው። የተፈለፈሉ ልጆች ነበሯቸው።

ፋኑኤልን አንቄ ያዝኩት ማለት ይቻላል። ሊስቤት በሩ ላይ ቆማ፣ ሳጥኑ ውስጥ ጫጩት አለ፣ ጎትሊብ ከበዓሉ እስኪመለስ ጠብቅ ብላ ለምናው ነበር። እሱ የኔን ደብዳቤ አሳያት። ማንም የሚለውን አትስማ ይላል፤ ሳጥን አትክፈት ይላል። ሴቷ ወፍ ለመብላት ከሳጥኑ ስትወጣ ጠብቆ ያዛት። ጥፋቱ የሱ አይደለም። በእጄ የጻፍኩት ነው።

ስንት ነበሩ? ራቁታቸውን ነበሩ ወይስ ላባ አብቅለው ነበር? አንድ እንኳ ተርፏል? የሻይ ማንኪያውን ነገር አስታወሱት? ምን ብዬ እንደምጠይቅዎት አላውቅም። የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ።

ወይዘሮ ኮርኔሊያ ሰኞ ዕለት አረፉ። ቤቱ ተሽጧል፤ እስከ ዓመቱ መጨረሻ ውጪ ብለውኛል። ይህን የምጽፈው እንዲያዝኑልኝ አይደለም። እባክዎን ይጻፉልኝ፤ ክፉም ቢሆን ይጻፉልኝ። ስድብም ቢሆን።

ኤልፍሪደ


ኦማሩሩ፣ ኖቬምበር 16 ቀን 1997

ለእህቴ ልጅ ለኤልፍሪደ፣

ሰላምታዬ እንደ መጀመሪያው ነው፤ ምንም አልቀነስኩለትም። የወይዘሮ ኮርኔሊያን ነፍስ ጌታ ይቀበላት፤ ሳላያቸው ወድጃቸው ነበር፣ በትዳሬ የሳቀ ሰው ወዳጄ ነው። የዘገየሁት ተቀይሜ አይደለም። ተቀይሜ ነበር፤ ያ ግን ደብዳቤሽ ሲመጣ አለፈ። የዘገየሁት አንድ ነገር እርግጡን ሳላውቅ ልጽፍልሽ ስላልፈለግሁ ነው።

ከመጀመሪያው ልጀምር። ፋኑኤል በዚያ በፌብሩዋሪ ወፎቹን ሲያወርድ ዳለቻውን አየሁና እግሬ ቆመ። የአባቴ ወገን እሳት ዳለቻ አይቀበልም። ዳለቻ ላም በበረታችን አታድርም፣ ዳለቻ ፍየል ብትወለድ ለሌላ ወገን ትሰጣለች። ከቅድመ አያት የመጣ ነው፤ ለምን እንደሆነ የሚያውቅ የለም፣ እኔም ጠይቄ አላውቅም። ወፍ ከብት አይደለም ትዪኛለሽ። እኔም ለራሴ እንዲያ አልኩት። እጄ ግን ግቢ አላስገባውም አለ። የሊስቤት ሰዎች እንዲህ ያለ ክልከላ የላቸውም፤ በአጥሩ ላይ አሻግሬ ሰጠኋት። በየቀኑ እየሄድኩ አበላው፣ አጫውተው ነበር። አረንጓዴዋ ብቻዋን እንዳትሆን ያቺን ሌላዋን ከገንዳው ያዝኩላት።

ለምን አልነገርከኝም ትዪ ይሆናል። ትስቂብኛለሽ ብዬ ፈራሁ። ሳቁ ብቻ ቢሆን እችለው ነበር። እንግዲያውስ ለሌላ ሰው ልስጣቸው ብለሽ ወፎቹን ብትወስጂ ደብዳቤም አይመጣ፣ አንቺም አትመጪ። ሽማግሌ ነኝ፣ ግቢው ሰፊ ነው፣ የሚያነጋግረኝ የለም። ስለዚህ ዋሸሁሽ፤ የፈራሁት ሁሉ ደግሞ በዚያው በውሸቴ መጣ።

በጁላይ ሴትና ሴት ናቸው ብለሽ ስትጽፊ ተናደድኩ፤ ግን ሰማሁሽ። እመት ቁጣን ይዤ ሊስቤት ቤት ሄድኩ። ጎን ለጎን አስቀመጥናቸው፣ ሽቦውን ተደግፈው ተኙ፣ አጋባናቸው። ወንዱ ከጉሮሮው እያወጣ ሲያጎርሳት ሊስቤት ስፌቷን ትታ ጠራችኝ። የጀመርኩት ነገር ያልኩሽ ይህ ነበር። ጫጩቶቹ ላባ አውጥተው፣ ቀለማቸው ታውቆ፣ ያኔ ልጽፍልሽና ላስደንቅሽ ነበር።

ሦስት ተፈለፈሉ። በበዓሉ ቀን ከሰልፉ ጋር ወደ መቃብሮቹ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሊስቤት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ ታለቅሳለች፣ ሽቦው ቤት ባዶ ነው፣ ሳጥኑ ውስጥ ሦስት ቀይ፣ ራቁታቸውን የሆኑ ነገሮች አንገታቸውን ዘርግተው ይጮኻሉ። ገንፎውን እንዳልሽው ሠራን፣ ማንኪያውን በፒንሳ አጠፍነው። አንደኛው አልውጥ ብሎ ሞተ። ሁለተኛው ዋጠ፤ ዋጠና እንዳልሽው ሆዱ ውስጥ ረጋ። የሊስቤት ቤት ቆርቆሮ ነው፣ ሲነጋጋ ይቀዘቅዛል፤ ማገዶም አልቆባት ነበር። ሙቀት ካጡ ምግቡ አያድናቸውም ብለሽ ጽፈሻል። በሰፈሩ ውስጥ የማይጠፋ እሳት ያለው እኔ ደጅ ነው። ሦስተኛውን በመዳፌ ይዤ አጥሩን ዞርኩ።

ገና ቆዳ ብቻ ነበር፤ ቀለሙ አይታወቅም። አረንጓዴ ሊሆን ይችላል ብዬ ራሴን ሸነገልኩ። ከአባቶቼ እሳት ዳር ድንጋይ እያሞቅሁ፣ በጨርቅ ጠቅልዬ፣ ጭስ በማይደርስበት፣ በጓሮዬ ባለችው ባንቺ ክፍል አስተኛሁት። ድንጋዩ ሲበርድ ኮቴ ውስጥ አደርገዋለሁ። ሊስቤት ኮቴን በውስጥ በኩል ኪስ ሰፋችለት፤ ስለዚህ በኮት ለወጡት ያልሽው አሁን ትንሽ እውነት ሆኗል። ከዚያ ላባው ብቅ ማለት ጀመረ። አመድ የመሰለ ነው፣ ልክ እንደ አባቱ። ይህን እስካረጋግጥ ነው የዘገየሁት።

ባዕድ ወደ ግቢ ሲገባ ለእሳቱ መንገር ልማድ ነው። ቀለሙን ባየሁ ማግስት ወፉን በኮቴ ይዤ ሄጄ ተንበረከክሁ። ያልተነገረ ነገር ይዤ መኖር በአንቺ ጊዜ ምን እንዳመጣብኝ አይቻለሁ፤ ከአባቶቼ ግን አልደብቅም አልኩ። እንዲህ አልኳቸው፦

"ይህ ዳለቻ የኔ አይደለም። የእህቴ ልጅ የኤልፍሪደ ነው። እሷ መጥታ እስክትወስደው ድረስ እኔ ዘንድ እንግዳ ነው። እንግዳ ደግሞ መልኩ አይጠየቅም።"

አባቶቼ ካልወደዱ ዝም የሚሉ ሰዎች አይደሉም፤ አንድም ላም ታማለች፣ አንድም እኔ እታመማለሁ። እስከ ዛሬ ምንም የሆነ የለም። ወፉ አሁን ለብቻው ማሽላ ይፈለፍላል። ይህን ስጽፍ ትከሻዬ ላይ ሆኖ ጆሮዬን ይነክሳል፤ በቁጣው እናቱን ነው።

ወላጆቹን ለአርቢው እንዳትሰጪ። ይዘሻቸው ነይ፤ እነሱን ሊስቤት ዘንድ እናኖራቸዋለን፣ አጥሩ ቅርብ ነው። ክፍሏን ለማንም አላከራየሁም። ግድግዳዋ በወፍ ኩስ ትንሽ ተበላሽቷል፤ ስትመጪ ኖራ እንቀባታለን።

አንቺን ዋሽቼሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። አባቶቼን ግን እስከ ዛሬ ዋሽቼ አላውቅም። እስክትመጣ ድረስ ብያቸዋለሁ። ካልመጣሽ እነሱንም ዋሸሁ ማለት ነው።

አጎትሽ
ጎትሊብ